አስተናግር

ቢምረው ወንድሜ፣ ከመተማ በረሃ፣ ሰሊጥ አጭዶ ሲመጣ፣
ለባንቺ ብስኩት፣ ለእኔ ግን ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ።
ስከፍተው ጥቁር ፍሬ፤ ኑግ ይመስላል፣ ኑግ ግን አይደለም።
"እዚያ" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ "ከዚህ ሌላ ሐኪም የለም።
ጢሱን አንዴ የማገ፣ ደረቱ እንደ በር ይከፈታል፤
ሁለቴ የማገ ግን፣ እሑድና ሰኞ ይምታታበታል።"

ስሙን ጠየቅሁት።
"አስተናግር" ሲለኝ፣ ፍሬው ከመዳፌ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።
የሚያናግር ቅጠል! ባሌን፣ ልየውን፣ ዝምታ ነው የሚያምረው።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከሽመናው ክፍል፣
ማታ በብስክሌቱ፣ ሽምብጥ፣ ከዘንባባው ሥር ብቅ ሲል፣
ሳሉ ቀድሞት ይደርሳል፤ ቀጥሎ እሱ።
"ደህና ነኝ" ይለኛል፣ የጥጡ ብናኝ ገና ሳይራገፍ ከልብሱ።

ዘራሁት።
በተቆረጠ ጀሪካን፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከሐይቁ አርባ እርምጃ ርቆ፣
ዶሮ እንዳይጭረው፣ ልጅ እንዳይነካው፣ ዙሪያውን በእሾህ ተጠብቆ።
የኛ አፈር ግን ጥቁር ነው፤ ውኃ የጠገበ፤
አሸዋ የለመደው ሥር፣ ጣናን ጠጥቶ ጠጥቶ ደለበ።
ነጭ አበባው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እንደ መለከት አፉን ከፍቶ አደረ፤
የጎረቤቴ ወጠጤ፣ እምቦጭ እንኳ የማይንቀው፣ አሽትቶት፣ አስነጥሶ ደነበረ።

ቢምረው የነገረኝ ልክ የበረሃ ነው፤ የጥምና የአሸዋ፤
በሐይቅ ዳር ለሰባ ቅጠል ግን፣ ልኩን ማን ይንገረኝ? ዋ!
ስለዚህ እኔ ነበርኩ የምለካው። በጥፍሬ።
በጥላ አድርቄ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ሰቅዬ፣ በክር አስሬ።
አንዳንድ ሌሊት፣ ደረቱ እንደ ቀዳዳ ወናፍ ሲጨነቅ፣
ጥቂት አጤስኩለት፤ ተነፈሰ። አለቀስኩ፣ እሱ እንዳያውቅ።
እጄን ሦስቴ በሳሙና ሳልታጠብ፣ ዓይኔን አልነካም፣ ሊጥ አልነካም፤
ባንቺ "እማ፣ መርዝ እኮ ነው" ስትለኝ፣ አልተከራከርኳትም።

በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤት አድሬ፣ እኔ ሳልኖር፣
ራሱ ዘግኖ አፈላው፤ መዳፉ የጥጥ እንጂ የቅጠል ልክ አያውቅ ነበር።

ንጋት ላይ ስገባ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ ዓይኑ የጉድጓድ አፍ መስሏል፤
ከንፈሩ፣ ጣና አጠገቡ እያለ፣ እንደ መተማ ምድር ደርቋል።
እጁ ግን ሥራ ይዟል፤ ከአየር ላይ የሚለቅመው፣ የሚቋጥረው፣ የተበጠሰ ክር ነው።
"አሥራ አራት ቁጥር ቆመች!" ይላል፤ "ዘይቷን የነፈጋት ማነው?"
ሃያ ስድስት ዓመት የዋጠውን በአንድ ሌሊት ተናገረ፤
ለፎርማኑ፣ ለሞተው ጓደኛው፣ ለግድግዳው፤ ሳቀ፣ ተማረረ።
ከዚያ ዝቅ አለ ድምፁ። እኔን ሌላ ሰው አድርጎ አየኝ።
"ያኔ ነው" አለኝ፤
"ባንቺ አንደኛ ክፍል ስትገባ። 'ከጥጡ ውጣ፤ ሳንባህ ቆስሏል' አለኝ ሐኪሙ።
ልውጣ? የልጅቷ ደብተርስ? ለሚስቴ ግን፣ አደራ፣ እንቅልፏን እንዳትቀሙ።"

አደራውን የተቀበልኩት ሰው እኔ ነበርኩ።
ባጃጅ ጠርቼ፣ እግሩን ለባንቺ ሰጥቼ፣ ወደ ሆስፒታል በረርኩ።
ነርሷ "ምን ወሰደ?" ስትል፣ የክብሪቱን ቀፎ አወጣሁ። አልዋሸሁም።
ሁለት ቀን ክር ሲቀጥል ሰነበተ። በሦስተኛው ውኃ ጠየቀ፤ ሌላ አላለም።

"ምን አልኩ?" አለኝ ኋላ፣ በመስኮቱ ሐይቁን እያየ።
"ስለ ማሽን ነው" አልኩት። "ስለ ዘይት።" ፊቱ ላይ ዕረፍት ታየ።

ነቀልኩት። ሥሩን፣ ግንዱን፣ እሾሃሙን ፍሬ።
ላቃጥለው እንዳልል ጢሱ፣ ሐይቅ ልጣለው እንዳልል ዓሣው፤ ቀበርኩት ቆፍሬ።
ለካ አንዱ ፍሬ ቀድሞ ፈንድቶ ኖሯል፤ ሰኔ ሲገባ፣ በአጥሩ ጥግ፣
ሁለት ቅጠል።
ጣሳ ደፋሁበት፣ ፀሐይ እንዳያይ፣ እንዳያድግ።

ልየው ሥራውን ለቆ፣ አሁን የዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናል፤
ክሩን በጥርሱ ቆርጦ፣ ቀና ይልና፣ "ደህና ነኝ" ይለኛል።
እኔም ጠዋት ጠዋት፣ እሱ ሳያየኝ፣ ወደ አጥሩ እሄድና፣
ጣሳውን ከፍ አደርጋለሁ። ገርጥቷል። አልሞተም ገና።
አፌን ከፈት አደርጋለሁ።
ጣሳውን እመልሳለሁ።